ቅጠሉም እንደ ተማሪው ይፈተን

የአገራችን ዕፅዋት ነገር በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ የሚደገም አንድ ንግግር አለ። ተናጋሪው ከመቀመጫው ይነሣል፤ ኢትዮጵያ ስድስት ሺህ ያህል የዕፅዋት ዓይነት እንዳላት ይናገራል፤ አባቶቻችን ለየደዌው መድኃኒት ያውቁ እንደነበር ያስታውሳል፤ ከዚያም «ይህን ሀብታችንን ልንጠቀምበት ይገባል» ብሎ ይቀመጣል። ይጨበጨብለታል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ንግግር በሌላ አፍ ይሰማል። እኛም ከሚያጨበጭቡት መካከል ስለነበርን በሌላው ላይ ብቻ አንፈርድም፤ ነገር ግን ጭብጨባው እየተደጋገመ ሲሄድ፤ ከስድስቱ ሺህ ስንቱ በቤተ ሙከራ ተመርምሮ እስከ መጨረሻው እንደደረሰ መጠየቅ ግዴታ ሆነብን።

ፈተና ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቅኔው ተማሪ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቀርቦ ቅኔውን ሳያሰማ ባለሙያ አይባልም፤ የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅም ብሔራዊውን ፈተና ሳያልፍ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። አባቱ የታወቀ ሊቅ ቢሆን፤ አያቱም በአገር የተመሰገነ ቢሆን፤ ልጁ ራሱ ካልተፈተነ ማንም የምስክር ወረቀት አይሰጠውም። ከሰው ሆድ ገብቶ ከደሙ የሚዋሐደውን ቅጠል ግን በአያቱ ዝና ብቻ እናሳልፈዋለን።

ይህን ስንናገር ወዲያው የሚቀርብብን ክርክር «ሺህ ዓመት የተጠጣ መድኃኒት የሺህ ዓመት ፈተና ያለፈ ነው፤ ሌላ ፈተና ምን ያደርግለታል?» የሚል ነው። ክርክሩ አደገኛ የሆነው ከፊሉ እውነት ስለሆነ ነው። ቅጠሉን የጠጣ ሰው እዚያው ወድቆ ቢሞት ጐረቤት ሁሉ ያየዋል፤ ያም ቅጠል ከመድኃኒትነት ይሰረዛል። ልምድ ይህን ያህል መፈተን ይችላል። ዛሬ የጠጣው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ኩላሊቱ ቢደክም ግን፤ ያንን ድካም ከዚያች የማለዳ ዋንጫ ጋር ማን ያገናኘዋል? ለቀስተኛው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ የቅጠሉን ስም አያነሣም።

በ1993 የቤልጅግ ሐኪሞች የጻፉትን ማስታወስ ይበቃል። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ የምንቈጥረው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።) ለመክሳት ሲሉ የቻይና ዕፅዋት የተቀላቀለበትን መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ከጥቅም ውጭ እየሆነ ወደ ሆስፒታል መጡ፤ ቍጥራቸውም ውሎ አድሮ ከ100 በላይ ሆነ። ነገሩ ሲመረመር፤ በቻይንኛ ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ዕፅዋት ተምታተው፤ በታዘዘው ፋንታ አሪስቶሎኪያ የሚባለው ገብቶ ተገኘ። አሪስቶሎኪያ በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት ተብሎ ሲወሰድ የኖረ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ኩላሊት ማጥፋቱን፤ ካንሰርም ማምጣቱን ሳይነቁበት ኖረዋል። የሺህ ዓመት ፈተና የተባለው ይህን አላየም።

ከቤታችንም ምሳሌ አለ። ኮሶን ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ለአውሮጳ አስተዋወቀው፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የደረቀው አበባ ወደ አውሮጳ መድኃኒት ቤቶች ገባ። በውስጡ ያለውን ኃይል ለይተው ለማውጣት የደከሙት የዚያው አገር ኬሚስቶች ናቸው፤ እኛ እየጠጣን እነርሱ መረመሩት። ኮሶ ትሉን ያስወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ከልክ አልፎ ሲጠጣ ዓይንን እንደሚጐዳ ሐኪሞች መዝግበዋል፤ ይህም እውነት ነው። በሁለቱ እውነቶች መካከል ያለችው መጠን ናት፤ መጠኑንም አያቶቻችን በእፍኝ ይሰፍሩት ነበር። እፍኝ ግን እንደየሰው እጅ ነው።

በሌላ ወገን ደግሞ ዘመናዊ ነን ባዮች አሉብን። እነዚህ የአገሩን ባለመድኃኒት «ቅጠል በጣሽ» ብለው ከሰደቡ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ራሳቸውን ሲያማቸው የሚውጡት አስፕሪን ታሪኩ ከአኻያ ልጥ እንደሚጀምር፤ ወባን ሲያስታግሥ የኖረው ኪኒንም በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ከዛፍ ልጥ ነጥረው ያወጡት እንደሆነ ቢነግሯቸው ይገረማሉ። ከእነርሱ ጋር ብዙ አንከራከርም።

ፈተና ያልነው ምን እንደሆነ ግን መግለጽ ይገባናል፤ ብዙ ጊዜ ቃሉ እየተጠራ ሥራው አይታወቅምና። ሥራው የሚጀምረው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከሜዳ ነው። ሰብሳቢው ተክሉን ከነአበባው ወይም ከነፍሬው ቈርጦ፤ በወረቀት መካከል አድርቆ፤ የተቈረጠበትን ቦታና ቀን ጽፎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር ማስቀመጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ የቀረው ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው፤ ስም ያታልላልና። አንዱ አገር ሰንሰል የሚለውን ሌላው ስሚዛ ይለዋል፤ ተክሉ ግን አንድ ነው። የዚህ ግልባጭም ይደርሳል፤ ሁለት የማይዛመዱ ተክሎች በአንድ ስም ይጠራሉ። የቤልጅጎቹን ሴቶች የጐዳው ይኸው አይደለምን?

ከዚያ በኋላ ቅጠሉ በጥላ ደርቆ፤ ተፈጭቶ፤ በውኃ፤ በአልኮል ወይም በሌላ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂውም በተውሳኩ ላይ ይሞከራል። ከሠራ ጭማቂው ለሁለት፤ ለአራት፤ ለብዙ ክፍል እየተከፈለ እያንዳንዱ ክፍል እንደገና ይሞከራል፤ ኃይል ያለበትን ክፍል እየተከተሉ፤ የሌለበትን እየተዉ፤ በመጨረሻ አንድ ንጥረ ነገር ብቻውን እስኪቀር ድረስ ይሄዳል። ይህ አዳኝ የአውሬን ዱካ እንደሚከተል ያለ ሥራ ነው፤ ዱካው ይጠፋል፤ ተመልሶ ይፈለጋል። ንጥረ ነገሩ ከተገኘ በኋላ ስንት ሲሆን እንደሚያድን፤ ስንት ሲሆን እንደሚመርዝ፤ በጉበትና በኩላሊት ላይ፤ በማኅፀን ባለ ፅንስም ላይ ምን እንደሚያደርግ በእንስሳ ይታያል። ሰው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወቀሳችን እንመጣለን። በአገራችን ይህ ሥራ ጨርሶ አልተጀመረም ብንል እንዋሻለን፤ በየዩኒቨርሲቲው ተጀምሯል። የሚያሳዝነን አብዛኛው ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ መቆሙ ነው። በመስተዋት ሳሕን ላይ ባክቴሪያ ይዘራል፤ የቅጠሉ ጭማቂ ይንጠባጠብበታል፤ በማግሥቱ በጠብታው ዙሪያ ባክቴሪያው ሳይበቅል የቀረበት ክብ ባዶ ቦታ ይታያል። የክቡ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል፤ ሠንጠረዥ ይሠራል፤ «ይህ ተክል ለባሕል መድኃኒትነቱ ሳይንሳዊ ማስረጃ ተገኝቶለታል» ተብሎ ይጻፋል፤ ጽሑፉ ይጠረዛል፤ ተማሪው ይመረቃል፤ መጽሐፉም ከመደርደሪያ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል።

እስቲ እንጠይቅ። በዚያው ሳሕን ላይ ኮምጣጤ ቢንጠባጠብ ኖሮ ክቡ ባዶ ቦታ አይታይም ነበርን? በረኪና ቢንጠባጠብስ? በረኪና ባክቴሪያን ስለሚገድል ለሕመምተኛ አናጠጣውም። በሳሕኑ ላይ የፈሰሰው የጭማቂ ኃይል በሰው ደም ውስጥ ይገኝ ዘንድ፤ ሕመምተኛው ስንት ኩንታል ቅጠል ሊበላ ነው? ይህ ጥያቄ ያልተመለሰበት ሠንጠረዥ የፈተናው የመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ የተመለሰበት ወረቀት ነው፤ እኛ መምህራን እንዲህ ያለውን ወረቀት «አልፏል» ብለን አንመልስም። ይባስ ብሎ ግማሽ ፈተናው ካለመፈተን የሚከፋበት ጊዜ አለ፤ ያልተፈተነውን ቅጠል ሰው ይጠራጠረዋል፤ «በሳይንስ ተረጋገጠ» የተባለውን ግን በገበያ የሚቸረችረው ነጋዴ ወረቀቱን እያሳየ ይሸጠዋል።

ተማሪውን አንወቅስም። የተሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ ገንዘቡም ለሳሕኑና ለአልኮሉ ብቻ የሚበቃ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ እርሱ ካቆመበት ቢጀምር መልካም ነበር፤ አዲስ ነገር ሠርቷል ይባልለት ዘንድ ግን ሌላ ቅጠል ያነሣል፤ ወደዚያው ሳሕን ይመለሳል። ገንዘብ የሚሰጠው ክፍልም «ሁለተኛው ደረጃ» ለሚለው ማመልከቻ ርእሱ የተደገመ መስሎት ይመልሰዋል። እኛ በዓይናችን ባየነው አንድ ቤተ ሙከራ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ የሦስት ዓመት የተጨመቀ ናሙና በጠርሙስ ተሞልቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የመብራቱ መሥመር ተበላሽቶ ሳለ የሚያሠራው አልተገኘም፤ ጠርሙሶቹም ታጥበው ለሌላ ሥራ ዋሉ።

ሥራው እስከ መጨረሻው ሲሄድ ምን እንደሚገኝበት ከቻይና እንማር። በ1967 በዚያ አገር ለወባ መድኃኒት የሚፈልግ ምሥጢራዊ ሥራ ተቋቋመ። ቱ ዩዩ የተባሉት ሊቅ ከጓደኞቻቸው ጋር ከጥንት መጻሕፍትና ከባለመድኃኒቶች ከ2,000 በላይ የመድኃኒት ቅመማ ሰበሰቡ፤ ከ200 ያህል ዕፅዋትም 380 የሚሆን ጭማቂ አዘጋጅተው በአይጥ ወባ ላይ ሞከሩ። ከአሪቲና ከጭቁኝ ነገድ የሆነው ቅጠል አንድ ጊዜ ሠርቶ ሌላ ጊዜ እምቢ እያለ አስቸገራቸው። በመጨረሻ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ጌ ሆንግ የጻፈውን እንደገና ሲመረምሩ፤ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይፈላ እንደማይል ልብ አደረጉ። እሳቱ ኃይሉን አጥፍቶት ቢሆንስ? በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጡት፤ በ1971 በጥቅምት ወር 191ኛው ናሙና በአይጦቹ ውስጥ ያለውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። ለሕመምተኛ ከመስጠታቸው በፊት በ1972 ራሳቸውና ጓደኞቻቸው ወስደው አዩት። አርተሚሲኒን የተባለው መድኃኒት ይህ ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚወስዱት «የጥንት መጽሐፍ አዳነ» የሚለውን ነው። እኛ ግን የጌ ሆንግ መጽሐፍ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል በመደርደሪያ ላይ እንደነበረ፤ በዚያም ዘመን ሁሉ ወባ መግደሉን እንዳልተወ እናስታውሳለን። የጠፋው የሚፈትነው ሰው ነበር። የዚህ ቅጠል ዘመድ በጓሯችን ስለበቀለ ብቻ ያው ኃይል አለው ማለትም አይቻልም፤ በአንድ ነገድ ውስጥ ያሉ ቅጠሎች እንደ አንድ ቤት ልጆች ጠባያቸው ይለያያል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያንገበግበን የእንዶድ ነገር ነው፤ እንዶድ የእኛ ነውና፤ ፈተናውንም የጀመረው የእኛው ሰው ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ወደ ዐድዋ በሄዱ ጊዜ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ ተንሳፈው አዩ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ አልፏል። እርሳቸው ግን በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች አስመጥተው የእንዶዱን አረፋ ቢያስጨምሩባቸው እነዚያም ሞቱ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ከሕመምተኛው ወጥቶ ወደ ውኃ ሲገባ በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ ካልተራባ በስተቀር ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ሲሞት መንገዱ ይቋረጣል። በኋላ በዐድዋ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ጅረቶቹ በአገሩ እንዶድ ሲታከሙ፤ በሕፃናቱ ዘንድ በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ከሥራ ጓደኛቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የእንዶዱን ዓይነቶች ከየአገሩ አሰባስበው አማረጡ፤ ከተመረጡትም «ዓይነት 44» የተባለው ዝነኛ ሆነ። በ1989 ለሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ተሰጣቸው።

ታዲያ ከ1964 እስከ 1989 ሃያ አምስት ዓመት ነው። በዚህ መካከል እንዶዱ በየአገሩ ጅረት ያልገባው ለምንድር ነው? የመርዛማነቱ ምርመራ በታወቀው ዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ ደንብ አልተሠራም ተባለ። ዶክተር አክሊሉ ይህን የአፍሪካን ቤተ ሙከራ ከመናቅ የመጣ ነው ብለው በመረረ ቃል ተናግረዋል፤ ብዙም እውነት አላቸው። ነገር ግን ምሬቱን እርሳቸው ይናገሩት እንጂ እኛ የተቀመጥነው ሰዎች ልንወርሰው አይገባም። ደንቡን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በአገራችን አቁመን፤ ምርመራውን ደግመን፤ ወረቀቱን በፊታቸው ብንዘረጋ ኖሮ ንቀቱ መድረሻ ባጣ ነበር። እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና፤ የውኃው ነገር መጠየቁ በራሱ ነውር አልነበረም። ጊዜው በክርክር ሲያልፍ ፕራዚኳንተል የተባለው ኪኒን መጣ፤ ገንዘቡም ልቡናውም ወደዚያ ዞረ።

ከዚያ ደግሞ የሰሜን አሜሪካን ሐይቆች ዛጎል ለባሽ ፍጡር ወርሮ የውኃ ቧንቧዎችን ሲደፍን፤ እንዶድ እርሱን እንደሚገድለው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተሞከረ፤ የአጠቃቀሙም መብት በ1990ዎቹ በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ። ይህ በተሰማ ጊዜ «እንዶዳችንን ሰረቁን» የሚል ጩኸት ሆነ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው መጻፋቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ቍጣው ከንቱ ነው አንልም፤ የዐድዋ ሴቶች ዕውቀት በዚያ መዝገብ ላይ ስም የለውም፤ ይህ በደል ነው። ሆኖም ሕግ መብት የሚሰጠው ለፈተነው እንጂ ለኰራበት አይደለም። ሌሎቹን ስድስት ሺህ ሳንፈትን ተቀምጠን የሚፈትናቸው ሲመጣ የምንጮኸው ጩኸት ከወዲሁ ይሰማናል።

ስለ ባለመድኃኒቱ ያልተናገርነው አለ። «መድኃኒት ከተነገረ ይረክሳል» ብሎ ምሥጢሩን ለልጁ እንኳ በሞት አፋፍ ላይ የሚነግረውን ሰው ብዙዎች በምቀኝነት ይከሱታል። እኛ አንከሰውም። ምሥጢሩ መተዳደሪያው ነው፤ ጽፎ ቢሰጥ ነገ ሌላው እንደሚከብርበት ያውቃል። የ2006ቱ አዋጅ ቍጥር 482 ማኅበረሰቡ በዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው፤ ከሚገኘውም ጥቅም ተካፋይ እንደሚሆን ደንግጓል። እስቲ ከባለመድኃኒቶቹ አንዱ ይህን አዋጅ በራሱ ቋንቋ ያስነበበው ባለሥልጣን ካለ ይንገረን። ሰውየው የሚያምነው ውል በእጁ ሲይዝ ነው። በአንድ ቀን ተመላልሶ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ፤ ቅጠሉን በከረጢት ይዞ የሚሄድ ተመራማሪ ሁለተኛ ጊዜ ቢመጣ የሚያገኘው የተሳሳተ ቅጠል ነው፤ ይህም ይገባዋል።

ባለመድኃኒቱ ስለ በሽታው ስሕተተኛ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችልም አንርሳ። በማዳጋስካር የበቀለችው ትንሽ አበባ በልዩ ልዩ አገሮች ለስኳር በሽታ ትጠጣ ነበር። በ1950ዎቹ በካናዳ ሲመረምሯት ስኳሩን ዝቅ አላደረገችም፤ የአይጦቹ ነጭ የደም ሕዋስ ግን ሲያልቅ ታየ። ከዚህች ከወደቀች ፈተና ቪንብላስቲን ተገኘ፤ ቪንክሪስቲንም ተከተለ፤ ይህም ዛሬ የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት የሚሰጥ ነው። በእኛ አገር ይህ ቢሆን «አልሠራም» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋ ነበር፤ የወደቀውን ሙከራ ማተም እንደ ውርደት እንቈጥረዋለንና።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለአዲስ ቅጠል ከሚመደበው ገንዘብ እኩሌታው፤ ቀደም ብሎ በሳሕኑ ላይ ያለፈውን ወደ ሁለተኛው ደረጃ ለማድረስ ይዋል። የወደቀውም ውጤት ይታተም። ማኅደር ያልገባ ተክል ላይ የተሠራ ጽሑፍ ለምረቃ አይቅረብ። በአገሪቱ ውስጥ የመርዛማነት ምርመራ በዓለም አቀፉ ደንብ የሚሠራበት አንድ ቤት፤ አንድ ብቻ፤ መብራቱ የማይጠፋ፤ ይኑር።

ከጠረፍ ትምህርት ቤት የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን ይህን ሐሳብ በቃል ብናጫውተው «እኔ ቤተ ሙከራ የለኝ፤ ምን ልሥራ?» ሲል ጠየቀን። የድሮ ጋዜጣና ሁለት ሳንቃ ካለህ ሥራው አለህ አልነው። ልጆችህ ከየመንደራቸው መድኃኒት የሚባለውን ተክል ከነአበባው ያምጡ፤ በጋዜጣው መካከል ዘርግተህ በሳንቃው ተጫነው፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲይዝ በየቀኑ ለውጠው። ከጎኑ የአገሩን ስም ባገሩ ቋንቋ፤ የበቀለበትን ቦታ፤ ቀኑን፤ የሚሠራበትን ክፍል፤ ሥሩ ይሁን ቅጠሉ ወይም ፍሬው፤ ምን ላይ እንደሚዘፈዘፍና እንደሚፈላ ወይም እንደማይፈላ ጻፍ፤ የነገረህን ሰው ስም ግን ያለ ፈቃዱ አትጻፍ። በዚህ ክረምት ማግሥት መስከረም ላይ አበባው ሲወጣ ከአርባ ልጆች ጋር ሊጀምር ነው።